ውሃውን ቅመሺው!

ቦሌ ሚካኤል ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ በር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት እናት ቦርሳዋን ለፈታሿ ከፈተችላት። ፈታሿ እጇን ሰደደችና ያገኘችውን አንድ በአንድ ታወጣው ጀመር፤ ሊፕስቲክ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሕፃን ካልሲ፣ ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ። ካልሲው አላሳሰባትም። ሃይላንዱ ላይ ስትደርስ ግን ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«ውሃውን ቅመሺው» አለቻት።

ልጅቷ ተጎነጨች። ፈታሿ ለአፍታ ትኩር ብላ አየቻት። ስላልወደቀች «እለፊ የኔ ቆንጆ» ተባለች። ከኋላዋ የቆሙት ላፕቶፕ ያንጠለጠሉ አዛውንት ነበሩ።

«አባባ፣ አውጥተው ያብሩት።»

«ባትሪው አልቋል ልጄ፣ አይበራም።»

«እሺ፣ ይግቡ።»

የሚበራው ኮምፒውተር ይመረመራል፤ የማይበራው ከነምስጢሩ ያልፋል። ይህን አንድ ካርቱኒስት ቢስለው «አሁንስ አበዛው» እንለው ነበር። ችግሩ የሳለው የለም። ሽብርን ስንፈራ የምንሠራው ነገር ሁሉ ራሱ ስዕል ሆኖ በየበሩ ቆሟል፤ ጋዜጦቻችን ውስጥ ግን ያንን ስዕል ፈልጋችሁ ብዙም አታገኙትም። ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ይህን ሳልል ባልፍ ነውር ነው። ቦሌ የጥይትን ድምፅ ታውቀዋለች። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው፣ ከኤርፖርት ወደ ከተማ ሲያመሩ የተተኮሰባቸው በዚሁ በቦሌ መንገድ ላይ ነው። ጥይት የማይበሳው መርሴዲስ አተረፋቸው። መኪናዋ ዞረች ወደ ኤርፖርት፣ እሳቸውም ወደ ካይሮ። በጥበቃ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን መንገዱ ላይ ሕይወታቸውን ከፈሉ።

የቦሌ ሚካኤል ተራ የደረሰው ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ከናይጄሪያ ጋር የሚጋጠሙበት ቀን፤ ከተማው ከሕፃን እስከ አዛውንት ማሊያ ለብሶ፣ ፊቱን በባንዲራ ቀለም ቀብቶ የዋለበት ቀን። ከናይሮቢው የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ጥቃት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ 67 ሰው የሞተበት ጥቃት። በዚያ እሑድ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ፣ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ፈንጂ ፈነዳ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። መንግሥት እንደገለጸው ሟቾቹ የሶማሊያ ዜጎች ናቸው፤ ያሰቡትም ኳሱን ሊያይ በወጣው ሕዝብ መሐል ገብተው ራሳቸውን ሊያፈነዱ ነበር። ቤቱ ውስጥ የፈንጂ ሰደርያ፣ የእጅ ቦምብ፣ ሽጉጥ ተገኘ ተባለ። የብሔራዊ ቡድናችን ማሊያም እዚያው ነበረ። እንደኛው ለብሰው ከኛው መሐል ሊቀመጡ ነበር ማለት ነው።

ናይጄሪያ በኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሁለተኛዋ በመጨረሻው ደቂቃ የተገኘች ፍጹም ቅጣት ምት ናት። በማግስቱ እኔ በተቀመጥኩበት ሻይ ቤት የተወራው ስለ ፍንዳታው ሳይሆን ስለ ፍጹም ቅጣት ምቷ ነው። ከሞት የተረፈ ሕዝብ ዳኛውን ሲረግም ዋለ። ይህን ለነቀፋ አላነሳሁትም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ካየሁት ሁሉ ጤነኛው ምላሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ለትዝብት የሚሆነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥት የጸጥታ ኃይሉን በተጠንቀቅ አቆመ። ፍተሻውም ከኤርፖርትና ከትልልቅ ሆቴሎች ወርዶ ወደ ባንክ፣ ወደ ሲኒማ ቤት፣ ወደ ሰርግ አዳራሽ፣ ወደ ካፌ፣ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እጅ ያላረፈበት ወገብ የለም። ልደት ሊያከብር የሄደ ሰው ኬኩን ከፍቶ ያሳያል። ሽቶ የያዘች ሴት በሩ ላይ ትረጫለች፤ የአንዳንዱ ሕንፃ መግቢያ ከዚህ የተነሳ መልካም መዓዛ አለው። ካሜራ የያዘ ሰው ካሜራው ካሜራ መሆኑን ለማሳየት አንድ ፎቶ እንዲያነሳ ይጠየቃል። ስለዚህ በየካሜራው ውስጥ ከሙሽሮቹ ፎቶ በፊት የአንድ ጥበቃ ጫማ አለ። ከሰርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች ብትሰበስቡት አንድ ኤግዚቢሽን ይወጣዋል።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄውን ነው። «ስለት፣ መሣሪያ ምናምን ይዘሃል?» ይላሉ። «የለኝም» ትላለህ። «እለፍ»። ሽብርተኛ ውሸት አይዋሽም የሚል እምነት ከየት እንዳመጣን እንጃ። እስካሁን «አዎ ወንድሜ፣ አንድ ቦምብ ቢጤ አለችኝ» ብሎ የተመለሰ አልሰማሁም።

በር ላይ የሚቆመው የብረት መፈተሻ ማሽንም የራሱ ጠባይ አለው። ለሁሉም ይጮኻል። ቁልፍ ለያዘው ይጮኻል፣ ሳንቲም ለያዘው ይጮኻል፣ ምንም ላልያዘውም ይጮኻል። ለሁሉም ስለሚጮህ ማንም አይሰማውም። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ገመዱ ተነቅሎ ጠባቂው ስልኩን ቻርጅ ያደርግበታል፤ ማሽኑ ግን እንደ ቆመ ነው፣ እኛም በመሐሉ ተጠንቅቀን እናልፋለን። ምሳ ሰዓት ላይ ፈታሹ ወንበሩን ትቶ ይሄዳል። በሩ ክፍት፣ ማሽኑ ብቻውን። ሽብሩም ምሳ ይወጣል መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ስል በጠባቂዎቹ ላይ እየቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ኪስ የሚዳብስ ሰው ደመወዙ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ይሁንና ቁም ካሉት ይቆማል፣ ፈትሽ ካሉት ይፈትሻል፤ የትኛውን ፈትሽ የትኛውን እለፍ እንደሚለው የሚወስነው እሱ አይደለም። የነገሩ ብልት ያለው እዚህ ላይ ነው።

እግረኛው ቦርሳውን እያራገፈ ሳለ በጎን ባለው የመኪና መግቢያ ላይ አንድ ቪ ኤይት ትመጣለች። መስታወቷ ጥቁር ነው። ጠባቂው በዘንግ ላይ የታሰረችውን መስታወት ይዞ ይነሳል፤ ሊጎነበስ ይልና የሰሌዳውን ቀለም ያያል። መስታወቷን ወደ ኋላው ይደብቃትና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። መኪናዋ ትገባለች። ውስጧ ሦስት ኩንታል ባሩድ ይኑር፣ ሦስት ኩንታል ጤፍ ይኑር፣ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ አንዲት ያረጀች ቪትስ ትመጣለች። ለእሷ መስታወቷ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ትሄዳለች፤ ኮፈኑ ይከፈታል፣ የዕቃ መጫኛው ይከፈታል፣ ትርፍ ጎማው ይነሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ለብዙ ጊዜ ፍተሻው አደጋን የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የሚለካው ማዕረግን መሆኑን አልጠራጠርም። እዚያ በር ላይ ስንት ሰከንድ እንደምትቆሙ ልብ በሉ፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ሰው እንደሆናችሁ እሱ ይነግራችኋል። ክራቫት ያሰረ ዳበስ ይደረጋል። ጃኬት የለበሰ ይፈተሻል። ፌስታል የያዘ ይራገፋል። ከቆላ የመጣ፣ ዱላ የያዘ ገበሬ ዱላውን ተቀምቶ ባዶ እጁን ይገባል። ነጭ ፈረንጅ ፈገግታ ይሰጠዋል። ሶማሌው ደግሞ ሁለቴ ይፈተሻል፤ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለስሙ።

ሶማሌውን ካነሳሁ ልጨርሰው። ቦሌ ሚካኤልን «ትንሿ ሞቃዲሾ» የሚሏት ስላሉ ነገሩ ይገባኛል። ሩዙ ከሙዝ ጋር የሚቀርብባት፣ የግመል ወተት የሚሸጥባት፣ ሃዋላው ከካፌው ጎን የሆነባት፣ ሻሂው በወተትና በቅመም የሚፈላባት ሰፈር ናት። እዚያ ከሚኖሩት ሶማሌዎች መሐል ከታጣቂው ቡድን ከአልሸባብ ሸሽተው የመጡ አሉ። ፈንጂ ምን እንደሚሠራ ከኛ በላይ ያውቃሉ፤ ገበያቸው ውስጥ፣ ሆቴላቸው ውስጥ፣ መስጊዳቸው በር ላይ አይተውታል። ቦሌ ሚካኤል መጥተው የሚጠብቃቸው ደግሞ «እጅህን ወደ ላይ» ነው። ከፈንጂው የሸሸው ሰው ፈንጂውን ይዞ እንደሆነ ይጠየቃል።

ፍተሻው ከሰው ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ቲያትር ይመጣል። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንቀጽ 15 ቤት የሚያከራይ ሁሉ የተከራዩን ማንነት በዝርዝር መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዝ ነበር። ለወረቀት ጥሩ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የዘነጉት አንድ ነገር ቢኖር አከራዩ ከአሸባሪ ይልቅ ገቢዎችን እንደሚፈራ ነው። ተከራይ አለኝ ካለ ግብር ይመጣል። ግብር ከሚመጣ የእህት ልጅ ይብዛ።

ከፍንዳታው በኋላ በነበረው ጊዜ ከወረዳ የሰላምና ጸጥታ ሰው በየጊቢው ሲዞር የሰማሁት ውይይት እንዲህ ነበር። እማማ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ማተባቸው አንገታቸው ላይ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ። ሰርቪሷ ውስጥ ያለው ሰው ማነው?»

«የእህቴ ልጅ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ባለችውስ ክፍል?»

«እሱም የእህቴ ልጅ ነው።»

ልጁ ብቅ አለ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሽርጥ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«አብዲ።»

«እማማ፣ እርስዎ የሚካኤል ማኅበርተኛ አይደሉም እንዴ?»

«እህቴ ጅጅጋ ነው ያገባችው» አሉ፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳይሉ።

ሰውየው መዝገቡ ላይ «የእህት ልጅ» ብሎ ጻፈና ሄደ። በዚያ መዝገብ መሠረት ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ተከራይ የሚባል ሰው የለም፤ ያለው አንድ ትልቅ ዘመዳሞች ቤተሰብ ነው። የአገሪቱ ደህንነት የቆመው በእማማ እህቶች ብዛት ላይ ነው። ማታ ላይ እኒሁ እማማ አብዲን «ኪራዩ ከመጪው ወር ይጨምራል፤ ኃላፊነት አለብኝ እኮ!» አሉት። አንድ የሰፈሩ ደላላ እንደነገረኝ ከሆነ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ለሶማሌ ተከራይ ጥርጣሬም እንደ ውሃና መብራት ለብቻው ይታሰባል። ሽብርን በመዋጋት ገንዘብ የተገኘበት አንዱ ቦታ እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የውጭዎቹም ከኛ አይሻሉም። ፍንዳታው ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ጥቅምት 2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ አልሸባብ ቦሌ ላይ ጥቃት ሊያደርስ ይችላል ብሎ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሌላ እስኪነገራችሁ በቦሌ ከሬስቶራንት ራቁ፣ ከሆቴል ራቁ፣ ከቡና ቤት ራቁ፣ ከእምነት ቦታ ራቁ፣ ከሱፐርማርኬት ራቁ፣ ከገበያ ማዕከል ራቁ አላቸው። ከቦሌ ላይ ይህ ሁሉ ሲቀነስ የሚቀረው ኤርፖርቱ ነው። ምናልባት የተፈለገውም እሱ ይሆናል። እኛ ግን ሌላ ቦታ ስለሌለን ማስጠንቀቂያውን ስልካችን ላይ እያነበብን እዚያው ሬስቶራንት ውስጥ ማኪያቶአችንን ጨረስን።

ልዩነቱ፣ በነሱ አገር ይህን የሚስል አለ። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የሥጋት ደረጃን በአምስት ቀለም ለሕዝቡ ታሳውቅ ነበር፤ ዛሬ ብርቱካን፣ ነገ ቢጫ። ቀለሙ ሲቀየር ሕዝቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የነገረው አልነበረም። በየካቲት 2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት የኬሚካል ጥቃት ቢመጣ መስኮታችሁን የምትደፍኑበት ፕላስቲክና ሰፊ ፕላስተር ግዙ አለ፤ ሕዝቡ ሱቆቹን አራቆታቸው። ካርቱኒስቶቹ ሰነፎች ቢሆኑ እንኳ ከዚያ በላይ ምን ይመጣላቸዋል? አገሪቱን በፕላስተር ጠቅልለው ሳሏት። ቀለሙም በ2011 እ.ኤ.አ. ቀረ። እንግሊዝ ውስጥ ጀምስ ማኮርሚክ የሚባል ነጋዴ ዋጋው 20 ዶላር የማይሞላ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያን አስመስሎ የሠራውን ዕቃ «የፈንጂ መመርመሪያ» ብሎ ለኢራቅ በብዙ ሺህ ዶላር ሸጠ። ባትሪ እንኳ የለውም ነበር። የባግዳድ ፖሊሶች ያንን ዘንግ ይዘው በየኬላው መኪና ሲያስቆሙ ኖሩ፤ ፈንጂው ደግሞ አለፈ። ሰውየው በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ዓመት ተፈረደበት። ገመዱ የተነቀለውን የኛን ማሽን ያየ ሰው በባግዳድ ለመሳቅ አይቸኩልም።

ኬንያ ደግሞ ጎረቤታችን ናት። በዌስትጌት ወታደሮቿ ከሱፐርማርኬት ፌስታል ተሸክመው ሲወጡ በካሜራ ተያዙ። የጦሩ አዛዥ የወሰዱት የሚጠጣ ውሃ ነው ብለው ተከላከሉላቸው። በኋላ ግን ሁለት ወታደሮች በዝርፊያ ከጦሩ ተባርረው ታሰሩ። የኬንያ ካርቱኒስቶች በዚያ ፌስታል ሰነበቱበት። ጋዶ በሚል የብዕር ስሙ የሚታወቀው ጎድፍሬይ ምዋምፔምብዋ ለዓመታት በዴይሊ ኔሽን ላይ ባለሥልጣኑን ሁሉ በስዕል ሲገርፍ ኖሯል። ኋላ ላይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ጋዜጣው ከእሱ ጋር ተለያየ፤ ኬንያም ገነት አይደለችም። ቢሆንም ስዕሉ ተስሎ፣ ታትሞ፣ ሕዝቡ ስቆበት ነው የተለያዩት። ውሃ ናይሮቢ ላይ ለወታደሩ መከላከያ ሆነለት፤ ቦሌ ሚካኤል ላይ ለልጅቷ ተጠርጣሪ ሆነባት።

ታዲያ የኛው ስዕል የት ገባ? ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም። እንደ አለማየሁ ተፈራ ያሉ በግሉ ፕሬስ ገጽ ላይ የምናውቃቸው እጆች አሉን። ሕዝቡም ቀልድ አያንሰውም፤ አንድ ታክሲ ከመገናኛ ቦሌ እስክትደርስ የሚወራው ለአንድ ወር ጋዜጣ ይበቃል። ነገሩ ያ አዋጅ 652 አንቀጽ 6 የሚባል ነበረው። ሽብርተኝነትን የሚያበረታታ ተደርጎ ሊታይ የሚችል ጽሑፍ ወይም መልእክት ያሳተመ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰር ነበር። ከሕዝቡ ከፊሉ እንኳ እንደዚያ ሊረዳው የሚችል ከሆነ ይበቃ ነበር። እንግዲህ የካርቱን ሥራ ምንድነው? ከፊሉ ሰው እንዲገባው፣ ከፊሉ እንዳይገባው ሆኖ መሳል ነው። ሕጉ የካርቱንን ብልሃት ራሱን ወንጀል አደረገው። ፌስታል ይዞ የሚወጣ ወታደር ብትስል አንዱ ይስቃል፣ ሌላው «ሠራዊቱን አዋረደ» ይላል፣ ሦስተኛው አቃቤ ሕግ ነው።

እናም እርሳሱም እንደ ሃይላንዷ ተጠርጣሪ ሆነ። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፍትሕ ሚኒስቴር ሎሚ፣ እንቁ፣ ፋክት፣ ጃኖና አዲስ ጉዳይ የተባሉትን መጽሔቶችና አፍሮ ታይምስ የተባለውን ጋዜጣ ሁከት ቀስቅሰዋል፣ ሐሰተኛ ወሬ ነዝተዋል ብሎ መክሰሱን አስታወቀ። መጽሔቶቹ ከገበያ ጠፉ፤ ከአዘጋጆቹም ብዙዎቹ አገር ለቀው ወጡ። መጽሔት ሲዘጋ የካርቱኑ ማዕዘንም አብሮ ይዘጋል፤ ለእሱ ግን ሐዘን የተቀመጠ አልነበረም።

ከዚያ በፊት በሚያዝያ ወር የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዎች ታስረው ነበር። ሽብር ተብሎ ከተመዘገበባቸው ክስ ውስጥ ኮምፒውተራቸውንና የኢሜይል ልውውጣቸውን ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው አንዱ ነው። እስቲ አስቡት፤ በየበሩ «ንቁ ሁኑ፣ ተጠንቀቁ፣ ራሳችሁን ጠብቁ» የሚል መንግሥት፣ ላፕቶፑን ቆልፎ የተጠነቀቀውን ሰው አሸባሪ አለው። ላፕቶፑን ከፍቶ የሚያሳይ ያልፋል፣ የማይበራለትም ያልፋል፣ የቆለፈ ይታሰራል። በሐምሌ 2007 ለአምስቱ ክሱ ተነሳ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብሩ ክስ ነፃ አላቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው የወጡበት ጉዳይ ከአንድ ካሬ ስዕል አያልፍም ነበር፤ ማን ይሳለው?

አስቂኙ ኋላ መጣ። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ምክር ቤት ቀርበው፣ ሰውን ማሰቃየትና ያለ ሕግ ማሰር ራሱ ሽብር እንደሆነ፣ ያንንም ሲሠራ የነበረው መንግሥት እንደሆነ ተናገሩ። ለአንድ ካርቱኒስት 20 ዓመት የሚያስፈርድ ነገር ከምክር ቤቱ መድረክ ላይ በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የካርቱን ሠሪ እንጀራ ያልቃል። ባለሥልጣኑ ራሱ ከሳለው ለእሱ ምን ይቀርለታል?

አምስት ቀን ቆየና፣ ሰኔ 16፣ ለዚያው ለውጥ ድጋፍ መስቀል አደባባይ በወጣው ሕዝብ መሐል ቦምብ ተወረወረ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ከ150 በላይ ቆሰሉ። በዚያ ቀን ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ቀበቶውን ፈቶ፣ ሃይላንዱን ቀምሶ፣ ተፈትሾ ነው የገባው። የጥበቃ ክፍተት ተፈጥሯል ተብለው ከተያዙት መሐል የአዲስ አበባ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር ይገኙበታል። የክሱን መጨረሻ ለፍርድ ቤት ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ በዚያ ሰልፍ ላይ ምክትል ኮሚሽነርን «እጅዎን ወደ ላይ» የሚል ፈታሽ ሊኖር አይችልም። ለቪ ኤይቷ ሰላምታ የሚሰጠው ጠባቂና ያ ቀን አንድ ነገር ናቸው። የሚፈተሸው ሁልጊዜ ታች ያለው ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ ሁልጊዜ ላይ ይገኛል።

አዋጅ 652 አሁን የለም። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። አዲሱ ከአሮጌው የተሻሉ ነገሮች አሉት፤ ሕግ አዋቂዎቹ ይተንትኑት። ቦሌ ሚካኤል በሮች ላይ ግን አዲስ አዋጅ የደረሰ አይመስለኝም። ሽቶው አሁንም ይረጫል። ማሽኑ ለሁሉም ይጮኻል። ሰርቪሷ ውስጥ ያለው አሁንም የእህት ልጅ ነው። ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ መንገድ ሲዘጋ፣ ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ፣ ምጥ የያዛት ሴት የያዘ ላዳ ዳር ይዞ ይጠብቃል።

ፍተሻው ይቅር እያልኩ አይደለም። ያ የኪራይ ቤት ፈንጂ ስታዲየም ደርሶ ቢሆን ዛሬ ይህን የሚጽፈውም የሚያነበውም ብዙ ሰው አይኖርም ነበር። ከተፈተሸ ግን ይፈተሽ፤ ቪ ኤይቷም ኮፈኗን ትክፈት፣ ማሽኑም ሲጮህ የሚዞር ሰው ይኑር። እስከዚያ ድረስ የምናደርገው ፍተሻ ሳይሆን ሰላምታ ነው፤ ላንዱ በእጅ፣ ላንዱ በወገብ።

የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጆች፣ ለካርቱን የምትሰጡትን ማዕዘን መልሱ፤ ለማስታወቂያ ሸጣችሁት ከሆነም ከማስታወቂያው ላይ ትንሽ ቀንሱ። ሠዓሊዎች ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ቦሌ ሚካኤል ኑና በአንዱ ሕንፃ በር አጠገብ ሻሂ አዝዛችሁ ተቀመጡ፤ ሐሳብ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ተሰልፎ ይመጣላችኋል። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ግቡ። የእርሳስ መቅረጫውን ግን ቤት ትታችሁት ኑ፤ ስለት ነው ተብሎ በር ላይ ይቀርባችኋል።